«አብሽሩ፣ ትንሽ ነው የቀረው!»

የሶፍትዌር ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያ ላይ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «አጃይል»። «አጃይልና ስክረም የሚያውቅ» ይላል ማስታወቂያው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ታውቃለህ?» ሲባል «አላውቅም» የሚል አንድም ሰው የለም። «እስቲ አስረዳን» ሲባል ግን አብዛኛው «በየጠዋቱ ቆሞ መሰብሰብ ነው» ብሎ ዝም! ቆሞ መሰብሰብ ከሆነማ ታክሲ ለመጠበቅ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ አጃይል ነው ማለት ነው!

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ነገሩ ጥርት ብሎ የገባኝ ቦሌ ካሉት ባለመስታወት ቢሮዎች አይደለም። ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ሊገዙ ከመካነ ሰላም ከመጡ ሁለት ልጆች ነው። መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን አንድ አንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠጣን። (አስተናጋጇ በዓይኗ ልትበላን ምንም አልቀራት!) ሦስተኛዋ ጓደኛቸው እዚያው ናት፤ እሷን በስልክ አነጋገርኳት። ስማቸውን አልጽፍም። ደንበኛቸውንም እነሱ እንደሚጠሯቸው «ሐጂ» ብያቸው አልፋለሁ።

መካነ ሰላም ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ወረዳ ውስጥ ናት። (ቦረና ስላችሁ ወደ ያቤሎ እንዳትነጉዱ፣ ይኼኛው የወሎው ነው።) ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ደጋ አቋርጣችሁ ትደርሳላችሁ፤ ገብስና በግ የሚወደው፣ ሰው ግን ያለ ጋቢ የማይደፍረው ብርድ ነው። አሁን አሁን አካባቢው የተማሪ አገርም ሆኗል። ቱሉ አውሊያ ላይ ዋና ግቢውን ያደረገው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላምም ላይ ግቢ አለው። ተማሪ ሲበዛ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና ጅምላ መደብሩ ይበዛል። ሐጂም ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ሩዝ…

ሦስቱ ልጆች የተመረቁት በኮምፒዩተር ሳይንስ ነው። ተመርቀው ሥራ ሲያጡ «ለምን የራሳችንን አንጀምርም?» አሉና በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሐጂ ዘንድ ሄዱ። መደብሩን በኮምፒዩተር እናድርግልዎት አሏቸው። ሐጂም ደስ አላቸው። በ40 ሺህ ብር ተዋዋሉ፤ 15 ሺህ ቀብድ ተቀበሉ።

ከዚያ የሠሩት ያው የተማሩትን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂን ቁጭ አድርገው ጥያቄ ጠየቋቸው። መልሱን ይዘው ገቡና ሰነድ ጻፉ፤ የፍላጎት ጥናት፣ ትንተና፣ ዲዛይን፣ ሥዕላዊ መግለጫ። 112 ገጽ! ጠርዘው ለሐጂ ሰጧቸው። ሐጂ አገላብጠው አዩትና ፈረሙ። እናንተ ብትሆኑ ታነቡት ነበር?

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ስድስት ወር ኮድ ጻፉ። ሐጂ መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ልጆቼ፣ ምን ደረሰ?» ይላሉ። መልሱ አንድ ነው፤ «አብሽሩ ሐጂ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» ወሎዬ ሲያጽናና «አብሽር» ይላል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል የትም አገር ያለ አይመስለኝም። ለሶፍትዌር ሥራ ግን መርዝ ነው!

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። በሦስት ቀለም ያሸበረቀ የመግቢያ ገጽ አለ። የዕቃ ዝርዝር አለ። ሪፖርቱ በግራፍ ይወጣል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው በደንብ አዩና «ማሻ አላህ፣ ያምራል» አሉ። ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«የዱቤው መዝገብ የቱ ጋ ነው?»

ዝምታ። የዱቤ መዝገብ የሚባል ነገር የለም! ከሐጂ ሽያጭ የሚበዛው ደግሞ በዱቤ ነው። ባለሱቁ ዘይቱን ዛሬ ወስዶ ከገበያ በኋላ ይከፍላል። ገበሬው ደግሞ አዝመራው ሲገባ። ሐጂ ያን ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ይዘውታል፤ መደብሩ ማለት ያ ደብተር ነው።

«ሐጂ፣ ያኔ ስንጠይቅዎት ለምን አልነገሩንም?» አለ አንደኛው፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ውይ! እውነታቸውን እኮ ነው። ለሐጂ ዱቤ የሚነገር ነገር አይደለም፤ እንደ አየር ነው። «ትተነፍሳለህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አለ? ሰው በጣም የለመደውን ነገር በጥያቄ አይነግርህም። የሚሠራ ነገር ፊቱ ስታስቀምጥለትና የለመደውን ሲያጣው ነው የሚናገረው። ሐጂ ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ሸፈኑትና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። የቀረውን 25 ሺህ ልጆቹም አልጠየቁ፣ እሳቸውም አልከፈሉ።

ይህ ነገር በመካነ ሰላም ልጆች አልተጀመረም። ሁሉንም ጠይቆ፣ ሁሉንም ጽፎ፣ ሁሉንም ሠርቶ በመጨረሻ ማስረከብ ፈረንጆቹ «ዋተርፎል»፣ ማለትም ፏፏቴ የሚሉት አሠራር ነው። ውኃው ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይመለስም። የሚገርመው፣ የዚህ አሠራር አባት ተደርጎ የሚጠራው ዊንስተን ሮይስ በ1970 እ.ኤ.አ. ደረጃዎቹን በሥዕል ባሳየበት በዚያው ጽሑፍ ላይ «በዚህ ብቻ መሄድ አደገኛ ነው» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም ሥዕሉን ወሰደና ማስጠንቀቂያውን ተወው። ሰው ሥዕል ይወዳላ!

ድሃ አገር ስለሆንን ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ የአሜሪካኑን ኤፍቢአይ ስሙ። መርማሪዎቹ መዝገባቸውን በኮምፒዩተር እንዲይዙ ብሎ ያስጀመረውን ሥራ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካፈሰሰበት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣለው። በ2006 «ሴንትኔል» የሚል ሌላ ጀመረ፤ እሱም ተንቀራፈፈ፣ ገንዘቡም ወደ ማለቁ ሄደ። በ2010 ሥራውን ከኮንትራክተሩ ተረክቦ በትንሽ ቡድን፣ በሁለት በሁለት ሳምንት እየቆራረጠ በስክረም ያዘው። ሐምሌ 2012 ላይ ሥራ ጀመረ። ከነሐጂ ታሪክ የሚለየው በዜሮዎቹ ብዛት ነው።

ታዲያ አጃይል ምንድን ነው? የካቲት 2001 እ.ኤ.አ. 17 የሶፍትዌር ሰዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ተሰበሰቡና አንዲት አጭር መግለጫ ጻፉ። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ከወፍራም ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር ይሻላል፤ ከደንበኛ ጋር በውል ከመከራከር አብሮ መሥራት ይሻላል፤ ዕቅድ ላይ ሙጭጭ ከማለት ለለውጥ እጅ መስጠት ይሻላል ነው። ልብ አድርጉ፣ ሰነድ አያስፈልግም አላሉም፤ ዕቅድ አያስፈልግም አላሉም። እኛ አገር ግን «አጃይል ነን» እያለ ምንም ሳይጽፍ፣ ምንም ሳያቅድ የሚርመሰመሰው ብዙ ነው። እሱ አጃይል ሳይሆን ስንፍና ነው፤ የወግ ስም ተሰጥቶት ነው እንጂ።

ስክረም ደግሞ ከአጃይል አሠራሮች በጣም የታወቀው ነው። ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረቡት። ስሙ ከራግቢ ጨዋታ የመጣ ነው፤ ተጫዋቾቹ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ከሚገፉት። ሥራው «ስፕሪንት» በሚባሉ አጫጭር ጊዜያት ይቆራረጣል፤ ከአንድ ወር አይበልጡም፣ ብዙው ሰው ሁለት ሳምንት ያደርገዋል። የሚሠራው ሁሉ በቅደም ተከተል የሚሰለፍበት ዝርዝር «ባክሎግ» ይባላል። ምን እንደሚቀድም የሚወስነው አንድ ሰው ነው፣ «ፕሮዳክት ኦውነር»። አሠራሩ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው «ስክረም ማስተር» ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ መገናኘት አለ። ስፕሪንቱ ሲያልቅ የተሠራው ለባለቤቱ ይታያል፤ ከዚያ ቡድኑ ለብቻው «እንዴት ነው የሠራነው?» ብሎ ራሱን ይመረምራል። አለቀ። መመሪያው ራሱ ከአሥራ አራት ገጽ አይበልጥም፤ ከነሐጂ 112 ገጽ ጋር አወዳድሩት!

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ።

ከሦስቱ አንዱ የለጋምቦ ገበሬ ልጅ ነው። የሐጂ ነገር እንዲያ ከሆነ በኋላ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጠረ። (የድርጅቱን ስም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።) ድርጅቱ «በስክረም ነው የምንሠራው» ይላል። ልጁ ደስ አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቆማል። ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን እንቅፋት ገጠመህ?

ልጁ የክፍያ ገጹን ከባንክ ጋር እንዲያገናኝ ተሰጠው። ሁለተኛው ቀን ላይ ተጣበቀ። እንዴት እንደሚቀጥል ጠፋው። ጠዋት ተራው ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከፊቱ ቆሟል። አዲስ ሰው ነው፤ የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። ከጎኑ የቆመችው ልጅ «እኔ ጨርሻለሁ» ብላለች። ምን ይበል?

«እየሄደ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው» አለ።

በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም። ዘጠኝ ቀን! ማታ ማታ እስከ ስምንት ሰዓት ያፈጣል። እጮኛው «ሌላ ሰው ይዘህ ነው» ብላ ልትጣላው ደርሳ ነበር፤ እሱ የያዘው ግን ኮምፒዩተር ነው። በአሥረኛው ቀን ሥራው ለደንበኛው ሊታይ ሲል ምንም እንደሌለ ታወቀ። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ከጎኑ የቆመችው ያቺው ልጅ «ይኼንንማ እኔም ገጥሞኝ ነበር» ብላ በአርባ ደቂቃ አስተካከለችለት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ «ልጁ ለምን ዋሸ?» ትላላችሁ። እኔ ግን ልጁን አልፈርድበትም። በይሉኝታ ያደግን ነን። ትልቅ ሰው ፊት «አልቻልኩም» ማለት እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። «እንዴት ነህ?» ሲባል ታምሞም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕዝብ «ሥራው እንዴት ነው?» ሲባል ምን ሊል ኖሯል? ያንን ሰው አለቃ ፊት አቁሞ «እንቅፋትህን ተናገር» ማለት ኑዛዜን በአደባባይ እንደማድረግ ነው። በስክረም መመሪያ የጠዋቷ 15 ደቂቃ የሠራተኞቹ የራሳቸው ናት፤ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ አይደለችም። እነዚያ ሦስት ጥያቄዎችም ቢሆኑ በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው ሲታደስ ወጥተዋል። ብዙ ቢሮዎች ግን ስሟን ስክረም ብለው የስም መጥሪያ ሰዓት አድርገዋታል።

ስለዚህ አለቃ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከዚያ ክብ ውጡ። ካልቻላችሁ ደግሞ መጀመሪያ እናንተ «እኔ እዚህች ጋ ተጣብቄያለሁ» በሉ። ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ፣ ልጁ ራሱ የደረሰባት ናት። «አልቻልኩም» ማለት ከከበዳችሁ «ይህን ሞከርኩ፣ ያንን ሞከርኩ፣ አልሠራም፤ ማን አይቶት ያውቃል?» በሉ። ይኼ ሽንፈት አይመስልም፤ ለጆሮም አይከብድም። ደግሞ «90 በመቶ ደርሷል» የሚል ቋንቋ ተዉ። ሶፍትዌር ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። እንጀራ 90 በመቶ በስሏል አይባልም።

ልጁ አዲስ አበባ እያለ መካነ ሰላም የቀረችው ልጅ ዝም አላለችም። የሐጂን ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ማታ ማታ በኢንተርኔት እየተገናኙ እንደገና ሊጀምሩት ተነጋገሩ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት። ሌላው ሰው ቴሌግራም ናፈቀው፤ እሷ የሥራ ባልደረቦቿን ናት ያጣችው። ምን አደረገች? ደብተር ይዛ ሐጂ መደብር ሄደች። «ሐጂ፣ ብር አልፈልግም። እርስዎ ሲሸጡ ቁጭ ብዬ ልይ።»

ሁለት የገበያ ቀን ሙሉ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ አየች። በ112 ገጽ ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ ያኔ አገኘችው። ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ የእነሱ ፕሮግራም ግን አንድ ዋጋ ነበር የሚያውቀው። ካርቶን ተፈትቶ በደርዘንም በፍሬም ይሸጣል። ባለዕዳዎቹ ውስጥ ስማቸው እስከ አባት አንድ የሆነ አራት ሰዎች አሉ! ሐጂ የሚለዩአቸው በቀበሌያቸውና በቅጽል ስማቸው ነው። አንደኛው «ጎራዴው» ይባላል። ኮምፒዩተር ይህን ከየት ያውቃል?

በኋላ የለጋምቦው ልጅ ሥራውን ለቆ ተመለሰ። ሦስቱ ተሰባሰቡና ሐጂን «አንድ ገጽ ብቻ እንሥራልዎት፤ የዱቤ። በሁለት ሳምንት። ካልወደዱት አይክፈሉን» አሏቸው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋ በላፕቶፕ ባትሪ የሚከፈት፣ መግቢያ ገጹም ቀለም የሌለው። በ14ኛው ቀን ሐጂ አዩት። «ይኼ ይሻላል» አሉና ወዲያው ሰባት ጥፋት አወጡበት። ልጅቷ ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ «በመጀመሪያው ጊዜ 'ማሻ አላህ' ብለውን ነው የወደቅነው። አሁን ሰባት ስድብ ሰምተን ነው የዳንነው።»

ከዚያ ወዲህ ስፕሪንታቸው ሁለት ሳምንት ነው። ማሳያው ሁልጊዜ የገበያ ማግስት ጠዋት፣ መደብሩ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት። ፕሮዳክት ኦውነሩ ሐጂ ናቸው፤ ቃሉን ግን ሰምተውት አያውቁም። ክፍያውም ተለወጠ፤ 40 ሺህ በአንዴ ሳይሆን ለታየና ለተወደደ ሥራ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉም ቦታ አይሆንም። በጨረታ ለሚሠራ የመንግሥት ሥራ ዋጋውም ዝርዝሩም ቀድሞ ተቆርጦ ነው የሚፈረመው፤ በዚያ ላይ «እያየን እንለውጣለን» ብትል ተጫራቹ ይስቅብሃል። ሐጂም ቢሆኑ ትዕግሥት ያላቸው ሰው ሆነው ነው።

ለጋምቦ ያሉት የልጁ አባት ስለ ሥራው ጠይቀውት ሲያስረዳቸው ብዙም አልተደነቁም አሉ። የበልግ ገበሬ ናቸው። የካቲት ላይ ሰማዩን አይተው ከዘራቸው ጥቂቱን ያወጣሉ፤ ሲጸና ይጨምራሉ፤ በልጉ ከከዳ የቀረውን ለመኸር ያቆያሉ። «ጎተራህን ሙሉ በአንድ ቀን የምትበትን ሞኝ ነበርክ እንዴ?» ብለውታል።

ካፌው ውስጥ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የግድግዳቸውን ፎቶ አሳየኝ። በሐጂ መደብር ጓሮ፣ ካርቶን ተቀድዶ ተለጥፏል፤ ሦስት ረድፍ አለው። «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ»፣ «ሐጂ ያዩት»። መሃለኛው ላይ ከሁለት ወረቀት በላይ መለጠፍ ክልክል ነው፤ ሁለቱ ሳያልቁ ሦስተኛ አይጀመርም። (ይኼኛው ካንባን ከሚባለው አሠራር የተወሰደ ነው፤ መነሻው የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ነው።) «ሐጂ ያዩት» ላይ 31 ወረቀት ቆጠርኩ።

በመጀመሪያው ረድፍ ላይ አንዲት ወረቀት የእጅ ጽሑፏ ከሌሎቹ ተለየብኝ። ሐጂ በራሳቸው እጅ የጻፏት ናት፤ «የሞተ ሰው ዕዳ»። ሐጂ ባለዕዳ ሲሞት «ለአላህ ብዬ ትቻለሁ» ብለው በደብተሩ ላይ መስመር ያሰምሩበታል፤ ፕሮግራሙ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቁልፍ የለም። ባለፈው ሳምንት ለልጅቷ ስደውል ወረቀቷ መሃለኛው ረድፍ ገብታለች። ተጣብቀውባታል፤ ዕዳው ሲቀር የሟቹ ስም ከመዝገቡ አብሮ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለው ላይ። ሐጂን ጠይቀዋቸው «ላስብበት፤ የገበያ ማግስት እነግራችኋለሁ» ብለዋቸዋል።